አሥራ ሰባተኛው ቦታ

ይድረስ ለማከብርህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለዓለምነህ ገብረ ሥላሴ፣ ነጌሌ ቦረና።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ባጀህ? እንደምን ከረምህ? ያ አቧራና ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ጊዜ የመኪና ሞተር አቃጠለኝ ያልከው እጅህስ ሽሮ ሥራ ጀመርህበት ወይስ እስካሁን በግራህ ነው የምትፈታው? ባለቤትህ ፍቅርተ ደህና ናት? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች? እማዬ በየቀኑ ትጠይቀኛለች፤ ፎቶዋን ከመቀነቷ ፈትታ ለጎረቤት ሁሉ ስታሳይ ጠርዙ ተበልቶ አለቀ። እኛ በሕይወት አለን። እማዬን ዳገት ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው አካሏ ብርቱ ነው። በልግ ዘንድሮ አልጣለም፤ ሰው ግን ለገብስ ማሳውን ደጋግሞ እያረሰ ሰኔን ይጠብቃል። እኛም አርሰን ጨርሰናል።

ይህን የምጽፍልህ ከባሕር ዳር እንዳይመስልህ። ከመሥሪያ ቤቴ የሦስት ወር ፈቃድ ጠይቄ ከመጋቢት ጀምሮ እዚሁ ቤታችን ነኝ። የሆነውን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ስልኬን አንስቼ ነበር፤ አባታችን ግን «በስልክ አይሆንም፤ ወረቀት ላይ አስፍሪው፤ ደግሞ ደጋግሞ እንዲያነበው» ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ረዘም ቢልብህ ታገሠኝ። ያየሁትን ነገር ገና እኔም አምኜ አልጨረስሁም።

ከአባታችን ድምፅ ልጀምር። መስከረም ላይ ጉሮሯቸውን ያዛቸው። ብርድ ነው ብለን ዝም አልን፤ ሳይለቃቸው ሲቀር ደብረ ታቦር ወሰድናቸው። ሐኪሙ መናገር ይችላሉ፣ ማዜም ግን ከእንግዲህ የለም አላቸው። አንተ እንደምታውቀው ድምፃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ወጥቶ ወንዙን ይሻገር ነበር። አሁን እንደ ሹክሹክታ ነው። ማስተማሩን ግን አልተዉም። ተማሪው ሲያዜም ይሰማሉ፤ ሲስት መቋሚያቸውን መሬት ይመታሉ፤ ያን ጊዜ ምክትላቸው መሪጌታ ማሩ በእሳቸው ፈንታ ያዜምላቸዋል።

በዚህ ላይ አንድ ወሬ ተጨመረ። እስቴ በኩል ካሉ መምህራን አንዳንዶቹ «የቤተ ልሔሙ ገብረ ሥላሴ ከመምህሩ ከአለቃ አበጀ የተቀበለውን የድጓ ዜማ ለውጦታል» ይላሉ ተባለ። ማሩ ሊደብቃቸው ነበር፤ ከሌላ ሰው ሰሙ። እኔ ለጥየቃ ስመጣ አባታችን አጠገባቸው አስቀምጠውኝ «ልዕልት፣ ለክብሬ ብዬ አይደለም። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርሁት ልክ ይሁን አይሁን ሳላውቅ መሞት ነው ያስፈራኝ» አሉኝ። እኝህ ሰው ፈራሁ ሲሉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አለቃ አበጀን አንተም እኔም አልደረስንባቸውም፤ ድምፃቸው ግን አለ። በ1962 ዓ.ም. በዚህ ያለፈ አንድ አስተማሪ በትልቁ የቴፕ ክር ቀድቷቸው ነበር፤ በኋላ ወደ ካሴት ተገልብጦ በዕቃ ቤቱ ተቀምጧል። የአባታችንም ድምፅ በ1989 ዓ.ም. ሙሉውን በካሴት ተቀድቷል። እያንዳንዱ አርባ ሰዓት ያህል ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን እያደመጠ ቃል በቃል የሚያመሳክር ጆሮ ከየት ይመጣል? ሲደክም ያልፈዋል። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ይስማልዎት» አልሁ። ደፍሬ የተናገርሁት እኔ ነኝ።

ሥራሽ ምንድን ነው እያልህ ስትጠይቀኝ በስልክ ማስረዳት ያቅተኝ ነበር፤ አሁን ልሞክር። ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ቋንቋ ብዙ ነው። እኔ የለመድሁት ፓይተን የሚባለውን ነው። ገር ነው፣ የፈለግኸውን በጥቂት መስመር ትነግረዋለህ፤ ግን ዘገምተኛ ነው። ሌላው ሲ ይባላል። እሱ እንደ መብረቅ ነው፤ ይሁን እንጂ አንዲት ስሕተት ከሠራህ ሳይነግርህ ገደል ይዞህ ይገባል። ድምፅን በየሰከንዱ መቶ ቦታ ቆራርጦ እያንዳንዷ ቅንጣት ከፍ ማለቷን ዝቅ ማለቷን የሚለካ ፕሮግራም አንድ የማላውቀው ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በሲ ጽፎ ለፈለገ ሁሉ ትቶታል። የእኔ ድርሻ ያንን የሲ ፕሮግራም ከፓይተን ጋር ማጋጠም ነበር። ሞፈሩም ቀንበሩም ደህና ሆኖ የሚያያይዛቸው ምራን ከላላ በሬዎቹ ይሄዳሉ፣ እርሻው ይቀራል፤ መጋጠሚያ ማለት እንደዚያ ነው።

ካሴቶቹን ወደ ላፕቶፔ ከገለበጥሁ በኋላ መጀመሪያ ሲው የአርባ ሰዓቱን ቅንጣት በሙሉ ባንድ ጊዜ ለፓይተን እንዲያፈስለት አደረግሁ። ላፕቶፔ ጥቂት ተንገታግቶ ደርቆ ቀረ። ስለዚህ በኢተሬተር ልሥራው አልሁ። ኢተሬተር ማለት ክምሩን ተሸክሞ የማይመጣ፣ «ቀጣዩን» ስትለው አንዷን ብቻ የሚያቀብልህ፣ የቆመበትን የሚያስታውስ፣ ሲጨርስ ደግሞ «አለቀ» የሚልህ ነው። አንዱን ለአባታችን፣ አንዱን ለአለቃ አበጀ አቆምሁና ፓይተን ተራ በተራ ከሁለቱም እየጠየቀ እንዲያወዳድር አደረግሁ። መብራት እዚህ ስለሌለ ባትሪ የምሞላው አርብ ገበያ ከተማ ወጥቼ ነው፤ በሁለት ባትሪ እየተመላለስሁ በሚያዝያ አጋማሽ ጨረሰ። ውጤቱ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ አንድ ነው አለ።

የዚያን ቀን ደስታ ምን ልበልህ! አባታችን እጃቸውን በራሴ ላይ አድርገው መረቁኝ። ማሩ ሮጦ ለካህናቱ ነገረ። በማግሥቱ ዓርብ ስለነበር ገበያ ላይ የማያውቅ አልቀረም። እማዬ እንኳ ጉልበቷን ረስታ እልል አለች።

ሦስት ቀን ቆይቶ ማሩ ከተማሪ ቤቱ ደጃፍ ላፕቶፑን ከፍቼ ሲያገኘኝ ሊቀልድ ፈለገና «እስቲ የእኔንም ከየኔታ ጋር አወዳድሪው» አለኝ። ማሩ ዕውቀቱ ጥልቅ ነው እንጂ ድምፁ ሻካራ እንደ ሆነ ራሱም ያወራል። በስልኩ የቀዳውን ጥቂት ደቂቃ፣ ያውም ጭራሽ ሌላ ዜማ፣ አስገባሁለት። ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ አለ። ማሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ወይ እኔ የኔታን ሆኛለሁ፣ ወይ መሣሪያሽ ደንቁሯል» አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ።

ሁለት ቀን መረመርሁት። ስሕተቱ ከመጋጠሚያው ነበር። ያ የሲ ፕሮግራም የደረሰበትን የሚጽፍባት ቦታ አንዲት ብቻ ናት፤ የጻፈው ሰው ሁለት ቅጂ ባንድ ጊዜ ይሰማልኛል ብሎ አላሰበም። ሁለተኛውን ቅጂ ስከፍት የመጀመሪያው ይጠፋል። ሁለቱ ኢተሬተሮቼ ሁለት መስለው ከአንድ ድምፅ ይቀዱ ነበር፤ አንዷን ቅንጣት ለዚህ፣ ቀጣይዋን ለዚያ። ለካ ያወዳደርሁት አለቃ አበጀን ከራሳቸው ከአለቃ አበጀ ጋር ነው። የአባታችን ድምፅ አንዲት ቅንጣት እንኳ አልተሰማም ነበር።

ወንድሜ፣ ያን ለአባታችን ለመንገር ከቤት እስከ ተማሪ ቤቱ ያለው መንገድ የደብረ ታቦርን ያህል ራቀብኝ። ነገርኋቸው። የተመረቀውን ራሴን አጎንብሼ ነው የነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «መሣሪያው ዋሸ ወይስ አንቺ በትክክል ሳትጠይቂው ቀረሽ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ፣ በትክክል አላገናኘኋቸውም» አልሁ። «እንግዲያማ ገና አልተሰማም ማለት ነው። ስሚው» አሉ። ማሩንም ጠርተው ደስታውን የነገራቸውን ሁሉ እየዞረ ውጤቱ እንዳልታወቀ እንዲነግር አዘዙት። ገበያ ወጥቶ ለፋፊ አስለፍፏል።

ማስተካከያው ግን አልመጣልኝም። በርካታ ቀን ሞከርሁ፤ አንዱን ስጠግን ሌላው ይፈርሳል። ሲሰለቸኝ ላፕቶፑን ዘግቼ ተማሪ ቤቱ ጥግ ተቀመጥሁ። ስድሳ ያህል ተማሪ አለ። ጩኸቱን ታውቀዋለህ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ያዜማል፣ ሁሉም ሌላ ቅጠል ላይ ነው። አንዱ ቀረብ ይላል፣ ትናንት ያቆመበትን ቃል አንሥቶ ይቀጥላል፣ አባታችን ያርሙታል። ሌላው ይቀርባል፤ እሱ ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ሦስተኛው ሊጨርስ ነው። ደግሞ የመጀመሪያው ይመለሳል። የአንዱን ከአንዱ አንድ ጊዜ እንኳ አላምታቱም። ልጅ ሆኜ በየቀኑ ሳየው የኖርሁት ነገር፣ ያን ቀን ግን ጠጉሬ ቆመ። ሲያርፉ ጠብቄ «የስድሳ ሰው ቦታ እንዴት ነው በራስዎ የሚይዙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደ ተራ ነገር አድርገው «እኔ መች ያዝሁ? ቦታውን ተማሪው ይዞ ይመጣል። የእኔ ሥራ ያመጣውን መስማት ነው» አሉኝ።

እኔ አምስት ዓመት ተምሬ፣ አራት ዓመት ሠርቼ ያልገባኝ ነገር ነው። እዚያው ተነሥቼ ሥራ ጀመርሁ። የሲውን ፕሮግራም ገልጬ ያችን የጋራ ቦታ ከውስጡ አወጣኋት። ለእያንዳንዱ ኢተሬተር የራሱን ከረጢት ሰጠሁት፤ የየትኛው ቅጂ እንደ ሆነ፣ የት እንደ ደረሰ በከረጢቱ አለ። ሲው በራሱ ምንም አይዝም፤ ከረጢቱን ይዞ የመጣለትን ይሰማል፣ ቀጣይዋን ቅንጣት ይሰጣል፣ ያሰናብታል። ኢተሬተሩ ሳይጨርስ ካሴቱን ማንም እንዳይዘጋበት አሰርሁት። ሌላም ያላየሁት ጉድለት አገኘሁ፦ ሲው ባዶ እጁን ሲመለስ እኔ ሁልጊዜ «አለቀ» ብዬ እቀበለው ነበር። ለካ ባዶ እጅ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ዜማው ማለቁ፣ ሌላው ካሴቱ እዚያ ላይ መበላሸቱ። አሁን ሁለቱን ለይቶ ይናገራል። ሁሉም ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። ከማሩ ድምፅ ጋር መልሼ ፈተንሁት፤ ምንም አይገናኝም አለ። ማሩ «ተመስገን፣ ራሴን ሆንሁ» አለ።

ከዚያ ሁለቱን አርባ ሰዓቶች ለቀቅሁባቸው። ሲጨርስ ዜማው የሚለያይባቸው አሥራ ሰባት ቦታዎች አወጣ። ከአርባ ሰዓት አሥራ ሰባት! አለቃ አበጀ ከሞቱ ስንት ዘመን ሆነ፤ አንድ ሰው በጆሮው ብቻ ተቀብሎ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በልቡ ይዞ፣ የሚለያየው በአሥራ ሰባት ቦታ። ፊደል ቆጥሬ መንገሩ ምን ይጠቅማል፤ ፈራሁ ብልህ ነው የሚቀለው። እኔ ለአንዲት መጋጠሚያ ይህን ሁሉ ስደናቀፍ፣ ሁለት ሰዎች ያለ አንዳች መሣሪያ ይህን አሻግረዋል።

በማግሥቱ ጧት ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ማዳመጫውን በአባታችን ጆሮ አደረግሁላቸው። መጀመሪያ የአለቃ አበጀን፣ ቀጥሎ የራሳቸውን አሰማኋቸው። አንደኛው ላይ «ይህ ሳል ነው» አሉ። ሁለተኛው ደወል ነበር። ሌላው ትንፋሽ፣ ሌላው ካሴቱ ተስቦ። እንዲህ እያሉ አሥራ ስድስቱን አሳለፉ፤ ማሩ ፊቱ እየበራ ሄደ። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ በእጃቸው «ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁ። አራት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና «ዓለምነህ ነበር ልኩ» አሉ።

የቱ ቦታ እንደ ሆነ ሳልነግርህ አውቀኸዋል። ብራናው ላይ ውሃ ነክቶት ምልክቱ ሂደት ይሁን ርክርክ የማይለየው ቦታ። አባታችን ድምፁን እያርገበገቡ በርክርክ ያስተምሩታል። አንተ ግን እስቴ ወርደህ ከመሪጌታ ገብረ ማርያም ዘንድ ከርመህ ስትመለስ፣ እሳቸውም የአለቃ አበጀ ተማሪ ነበሩና፣ በሂደት ሳትሰብረው ሳብኸው። አረሙህ፤ ደግመህ ሳብኸው። «የአለቃ አበጀ እንዲህ ነው» አልህ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። በተማሪው ሁሉ ፊት «ከእኔ በላይ መምህሬን የሚያውቅ ተማሪ ቤቴ አይቀመጥም» ሲሉህ፣ መጽሐፍህን ዘግተህ ተነሥተህ ስትወጣ አይቻለሁ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት። ስምህን በዚህ ቤት ጮክ ብሎ የሚያነሣ እማዬ ብቻ ነበረች።

አለቃ አበጀ እዚያ ቦታ ላይ በሂደት ነው የሚስቡት፤ ልክ እንደ አንተ። ከአርባ ሁለት ዓመት በፊት በተቀዳው ድምፅ ውስጥ አንተን የሰማሁህ መሰለኝ፤ አለቀስሁ።

ማሩ «የኔታ፣ አንዲት ምልክት ናት። ቀስ ብለን ከውስጥ እናስተካክላታለን፤ ማንም አያውቅም» አላቸው። ለእሳቸው አዝኖ ነው። አባታችን ግን በሦስተኛው ቀን ስድሳውን ተማሪ ሰበሰቡ። ካህናቱን አስጠሩ። ስለ እሳቸው ወሬ ላወሩት ለእስቴ መምህራንም መልእክት ልከው ሁለቱ መጥተው ነበር። ቆመው ያስተምሩ በነበሩበት ቦታ ቆመው፣ ድምፃቸው ስለማይሰማ ሁሉም እንዲጠጋ አደረጉና «ይህን ቦታ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ስቼ አስተምሬአለሁ። ልጄ ዓለምነህ ነግሮኝ ነበር። አልሰማሁትም፤ አባረርሁት» አሉ። ማሩ ከእግራቸው ወድቆ «የኔታ፣ ስለ እኛ ብለው ራስዎን አያዋርዱ» ሲላቸው «ተነሥ። የሳትሁት በሰው ፊት ነው፤ የምታረመውም በሰው ፊት ነው» አሉት። ከዚያ ምላጭ አስመጡ። በራሳቸው መጽሐፍ ላይ ያችን ምልክት በገዛ እጃቸው ፍቀው ሂደት ጻፉባት። ማንንም አላስጠጉም። ከዚያ ተማሪው ሁሉ የየራሱን ይፍቅ ጀመር። ከምላጩ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። ከእስቴ የመጡት ሁለቱ ሲወጡ የአባታችንን ጉልበት ስመው ወጡ።

አሁን ማሩና እኔ ከእሳቸው ተምረው በየደብሩ ለተበተኑት ሁሉ እየጻፍን ነው። ስሙን አንድ በአንድ እሳቸው ይነግሩናል፤ እስካሁን መቶ አርባ ደርሰናል። ስማዳ ላለው ትናንት ላክን።

ወንድም ጋሼ፣ አሁን የተላክሁበትን ልናገር። አባታችን እንዲህ በይው አሉኝ፦ «እኔ ድምፄ ሄዷል። ማሩ የተማረው ከእኔ ነው፤ ያን ቦታ ሲደርስ አፉ ወደ ለመደው ይሄድበታል። መሣሪያው ያሰማል እንጂ ተማሪ ሲስት አያርምም። አሁን በዚህ ተማሪ ቤት ያን ቦታ አስተካክሎ የሚያዜም የለም። አንድ ሳምንትም ቢሆን መጥቶ ያስተምርልኝ። እኔም ከተማሪው ጋር ተቀምጬ እሰማዋለሁ።» ሰኔ ሳይገባ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ ብትመጣ ይሻላል። የቀረውን ወረቀት ለእኔ ተዪው ስላሉኝ ከታች ባዶ ትቼላቸዋለሁ።

ለፍቅርተ እህትሽ ልዕልት ሰላም ትልሻለች በላት፤ ቡሄ ሳይደርስ አገራችንን እንድታይ እንፈልጋለን። ሕፃኗን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ሙሉነሽ «የእኔ ልጅ፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ ና» ትልሃለች። አክስታችን ማሚቴ፣ መሪጌታ ማሩ ከነባለቤቱ፣ ከላይኛው ቤት ወለተ ማርያምም ሰላምታቸው ይድረስህ። ማሩ በተለይ «የዚያን ቀን ከተማሪው መካከል ነበርሁ፤ ዝም በማለቴ ይቅር በለኝ» ብሏል።

እህትህ ልዕልት ገብረ ሥላሴ
ቤተ ልሔም፣ ታች ጋይንት
ግንቦት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.

ልጄ ዓለምነህ፣ ይህ የእኔ ጽሕፈት ነው። ልክ ነበርህ። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። አባትህ ገብረ ሥላሴ።